ሳሎንን ሲኒማ ቤት ስለ ማድረግ

ባለፈው የአባላት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ፣ ዓርብ ዓርብ የምንገናኝበትን ሳሎን የፊልም ማሳያ እናድርገው የሚል እንደ ነበር ይታወሳል። በሐሳቡ ላይ ተቃውሞ አልቀረበም ማለት ይቻላል፤ ክርክሩ የተነሣው በወጪው ላይ ነው። ገሚሱ ትልቅ ቴሌቪዥን ከሙሉ የድምፅ መሣሪያ ጋር ይገዛ ሲል፣ ገሚሱ ደግሞ የማኅበሩ ገንዘብ ለእንዲህ ያለ ነገር አይነካም አለ። ሁለቱም ወገኖች ስለ ዋጋ ተናገሩ እንጂ ስለ ነገሩ አሠራር ያነሣ አልነበረም። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ተላለፈ፣ እስከዚያ ድረስ ለውይይት መነሻ ይሆን ዘንድ ይህን ጽሑፍ ማቅረብ አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል።

የማኅበሩ ገንዘብ ምን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከስኮላርሺፕ አበላችን ላይ በየወሩ እየቀነስን የምናዋጣው ነው። መርዶ የመጣበት ወንድም ወይም እኅት አገር ቤት ደርሶ እንዲመለስ ትኬት የሚቆረጥለት ከዚያው ነው። ሆስፒታል የተኛ አባልም የሚረዳው ከዚያው ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ከሁሉ የሚበልጠው ዕቃ የትኛው ነው?» ሳይሆን፣ «ትኬት መቁረጫውን ሳንነካ ሃያ ሰው ፊልም አይቶ፣ ሰምቶና ተወያይቶ የሚለያይበት መንገድ የትኛው ነው?» መሆን አለበት። ይህን የሚጽፈው የሕክምና ተማሪ እንጂ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ አይደለም። ይሁን እንጂ ሲኒማ ተሠርቶ የሚያልቀው በተመልካቹ ዐይንና ጆሮ ውስጥ ስለ ሆነ፣ በዚያ በኩል የሚታየኝን ለመናገር እደፍራለሁ።

አንዳንድ ወንድሞች ሲኒማ በሳሎን አይሆንም፣ ከሆነም የሀብታም ጨዋታ ነው ይላሉ። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። የሉሚዬር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ፓሪስ ላይ ገንዘብ አስከፍለው ለሕዝብ ፊልም ሲያሳዩ፣ ያሳዩት በአንድ ቡና ቤት ምድር ቤት ባለ ሳሎን ውስጥ ነበር። በማግስቱ ዓመት ይኸው መሣሪያ እዚህ ግብፅ፣ እስክንድርያ ደርሷል። አዲስ አበባም ፊልም ሲገባ ሕዝቡ ማሳያውን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው፤ ሰይጣኑም ቢሆን ከአንድ ክፍልና ከአንድ ነጭ ግድግዳ በላይ አልጠየቀም። ኋላ በየሰፈሩ የተከፈቱትን ቪዲዮ ቤቶች የታላላቆቻችን ትውልድ በደንብ ያስታውሳቸዋል። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻና ጥቂት አግዳሚ ወንበር ነበሩ። ጉድለታቸው የዕቃው ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ሥዕሉ ትንሽ፣ ድምፁ ደግሞ ከልክ በላይ መሆኑ ጭምር ነበር። እኛም ሳናስብ ከገዛን የምንደርሰው እዚያው ነው።

ስለ ሥዕሉ

ሲኒማን ከቴሌቪዥን የሚለየው ኢንቹ ሳይሆን ሥዕሉ በዐይን ውስጥ የሚይዘው ማዕዘን ነው። የሙያው ሰዎች ለፊልም ሥዕሉ ቢያንስ ወደ 30 ዲግሪ፣ ቢቻል ወደ 40 ዲግሪ ገደማ መያዝ አለበት ይላሉ። ይህን በእኛ ሳሎን እንመልከት። የኋላው ረድፍ ከግድግዳው 4 ሜትር ተኩል ያህል ይርቃል እንበል። ባለ 65 ኢንች ቴሌቪዥን ወርዱ 144 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ፣ ኋላ ለተቀመጠው ሰው የሚይዘው 18 ዲግሪ ብቻ ነው። ባለ 100 ኢንች ሥዕል ግን ወርዱ 221፣ ቁመቱ 125 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን ለዚያው ሰው ወደ 28 ዲግሪ ይጠጋል፤ 3 ሜትር ላይ ለተቀመጠው ደግሞ 40 ይሞላል። ባለ 100 ኢንች ቴሌቪዥን ለመግዛት የማኅበሩን ካዝና ገልብጦ ማራገፍ ያሻል። ፕሮጀክተር ግን ያንኑ ሥዕል በግድግዳ ላይ ይጥለዋል። በቀን፣ መስኮት ተከፍቶ የሚታይ ቢሆን ኖሮ ቴሌቪዥኑ ይሻል ነበር፤ እኛ የምንሰበሰበው ግን ማታ ነው።

ቀጥሎ የሚነሣው የሥዕሉ ጥራት ነው። ሻጩ «ፎር ኬይ» ካልሆነ አይታይም ሊላችሁ ይችላል። ለዚህ መልስ የሚሰጠው በየሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ ያለው የዐይን መመርመሪያ ሰሌዳ ነው። ጤናማ የሚባል ዐይን፣ ማለት 6/6 የሚያነብ፣ ለይቶ የሚያየው የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ የሆነውን ነው። በባለ 100 ኢንች ሥዕል ላይ 1920 በ1080 የሆነው ጥራት አንዱ ነጥብ ወርዱ 1.15 ሚሊ ሜትር ነው። ዐይን ይህን ነጥብ ከጎረቤቱ መለየት የሚያቆመው 4 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለሆነም በኋላው ረድፍ ለሚቀመጡት ሰዎች ከ1920 በ1080 በላይ የሚከፈለው ገንዘብ ዐይናቸው ለማይቀበለው ነገር የሚከፈል ነው። የፊተኛው ረድፍ ጥቂት ልዩነት ያይ ይሆናል፤ ለዚያ ሲባል ግን ትኬት አይሸጥም። እዚህ ላይ አንድ ተንኮል መታወቅ አለበት። በርካሽ ፕሮጀክተሮች ካርቶን ላይ «1080 ይቀበላል» ተብሎ ይጻፋል። መቀበል ሌላ፣ ማሳየት ሌላ ነው። የሚጠየቀው የመሣሪያው የራሱ ጥራት ስንት እንደ ሆነ ነው።

ከዚህ የባሰው ተንኮል በብርሃኑ ላይ የሚሠራው ነው። የፕሮጀክተር ብርሃን የሚለካው በሉመን ሲሆን፣ ካርቶን ላይ 9000 ሉመን ተብሎ የተጻፈበት ትንሽ ሣጥን ሲበራ ከጠረጴዛ መብራት የማይሻል ሆኖ ይገኛል። የሚታመነው «ኤኤንኤስአይ ሉመን» ተብሎ ወይም በ«አይኤስኦ 21118» መሠረት የተለካው ቁጥር ነው። ስንት ይበቃናል? በሲኒማ ቤቶች የነጩ ድምቀት ልክ 48 ካንዴላ በካሬ ሜትር ነው። የእኛ ሥዕል ስፋቱ 2.76 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ በነጭ ግድግዳ ላይ ይህን ለማግኘት 420 ገደማ እውነተኛ ሉመን ይበቃል። አምፖሉ በአገልግሎት ብዛት እየደከመ ስለሚሄድ እጥፉን ይዘን 800 ወይም 1000 ብንል አናፍርም። ከዚያ በላይ መክፈል መብራት አብርቶ ፊልም ለማየት መክፈል ነው።

መብራቱን ማጥፋት ደግሞ በነጻ ነው። ፕሮጀክተር ጥቁርን ሊያበራ አይችልም፤ ጥቁር ብለን የምናየው ብርሃን ያላረፈበት ግድግዳ ነው። በግድግዳው ላይ የክፍሉ መብራት 50 ሉክስ ያህል ካረፈበት፣ ጥቁሩ 16 ካንዴላ፣ ነጩ 64 ይሆናል። ነጭ የጥቁር አራት እጥፍ ብቻ ሆነ ማለት ነው። ሥዕሉ ታጥቦ ግራጫ ይሆናል፤ አባላትም መሣሪያው መጥፎ ነው ይላሉ። በተለይ እንደ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976) ያለ የጥቁርና ነጭ ፊልም ሕይወቱ በጥቁሩና በነጩ መካከል ባሉት ግራጫዎች ውስጥ ስለ ሆነ፣ በበራ መብራት ማሳየት ፊልሙን መግደል ነው። ከዚህ ጋር የዐይንም ጉዳይ አለ። ዐይን ጨለማን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው። ቀለም የሚለዩት ሴሎች በ10 ደቂቃ ገደማ ሲለምዱ፣ በጭላንጭል የሚያዩት ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅባቸዋል። በመሃል ስልኩን የሚከፍት ሰው የራሱንም የጎረቤቱንም ዐይን ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል። ጨለማ ውስጥ ፊልም ማየት ዐይን ያጠፋል የሚባለው ግን እውነት አይደለም። ዐይን የሚቆጠቁጠው ፈጥጠን ስንመለከት የምንርገበግበው ስለሚያንስና ስለሚደርቅ ነው፤ ቬንቲሌተሩን ወደ ፊታችን አለማዞር ብቻውን ብዙ ይረዳል።

ግድግዳው ነጭ፣ የማያብረቀርቅ ቀለም ከተቀባ ሌላ ሸራ መግዛት አያስፈልግም። አቡጀዲ ይዘርጋ ያሉ እኅት ነበሩ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሆኖም አቡጀዲ ብርሃኑን በከፊል ወደ ኋላ ስለሚያሳልፍ ሁለት እጥፍ ተደርጎ፣ ከሥሩ በክብደት ተወጥሮ መሰቀል አለበት። የሥዕሉ የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 110 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ካለ፣ ፊተኞቹ ፍራሽ ላይ፣ መካከለኞቹ ሶፋ ላይ፣ ኋለኞቹ ከምግብ ጠረጴዛው ወንበሮች ላይ ሆነው ራስ ለራስ ሳይጋረዱ ያያሉ። ፍራሽ ላይ ያሉት አንገታቸው እንዳይታመም ከጀርባቸው ትራስ ይደገፉ።

ፕሮጀክተሩ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት የሚታወቀው ከሌንሱ ቁጥር ነው። ቁጥሩ 1.5 ከሆነ ርቀቱ የሥዕሉ ወርድ አንድ ተኩል ነው፤ ለእኛ 3 ሜትር ከ30 ማለት ነው። በመካከል ረድፍ ራስ ላይ ስለሚያርፍ በከፍተኛ መደርደሪያ ወይም ጣሪያ ላይ መዋል አለበት። ከሥዕሉ መሃል ፊት ለፊት ካልተቀመጠ ሥዕሉ ይንጋደዳል። ይህን በቁልፍ ማቃናት ቢቻልም የሚቃናው ነጥብ እየተጣለ ስለ ሆነ፣ ዕቃውን ራሱን ማስተካከል ይሻላል። የቆዩ ፊልሞች ደግሞ ጠበብ ያሉ ናቸው፤ በግራና በቀኝ ጥቁር ይተዋሉ። ሪሞቱን ይዞ ሥዕሉን ለመለጠጥ የሚቸኩል አባል አይጠፋም። ያን ጊዜ ገበሬው ሁሉ ወፍራም፣ ላሙ ሁሉ አጭር ይሆናል። እንደ ቀረጹት ይተው። እንዲሁም በብዙ መሣሪያዎች ላይ እንቅስቃሴን የሚያለሰልስ ማስተካከያ አለ። ፊልም በሰከንድ 24 ሥዕል ነው፤ ያ ማስተካከያ በመካከል ሌሎች ሥዕሎችን እየፈጠረ ስለሚሰገስግ ድራማውን የስቱዲዮ ዜና ያስመስለዋል። ይጥፋ።

ስለ ድምፁ

ከሁሉ በላይ ክርክር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በስብሰባው የቀረበው ዝርዝር አምስት ድምፅ ማጉያና አንድ የጎርናና ድምፅ ማጉያ ያለበት መሣሪያ ነው። ይህ አደራደር ለመሃል ሶፋ ለተቀመጠ ሰው የተሰላ ነው። ፊት ያሉት ሁለቱ ከተመልካቹ በግራና በቀኝ 30 ዲግሪ፣ የጎኖቹ 110 ዲግሪ ላይ ሆነው ድምፁ ከየአቅጣጫው ይመጣለታል። ሃያ ሰው በሦስት ረድፍ ሲቀመጥ ግን ግድግዳ ጥግ ያለው ሰው የሚሰማው ከጆሮው አጠገብ ያለውን ማጉያ ብቻ ነው። ሁለት ብቻ ብናደርግም ያው ነው። ጆሮ ቀድሞ የደረሰውን ድምፅ ምንጭ አድርጎ ስለሚወስድ፣ ዳር የተቀመጠው ሰው ተዋናዩ መሃል ቆሞ ሲናገር ድምፁን ከጥግ ይሰማዋል። ትልልቅ ሲኒማ ቤቶች ንግግሩን ከሸራው መሃል ጀርባ ከተተከለ ማጉያ የሚያወጡት ለዚህ ነው። ስለሆነም የእኔ ሐሳብ አንድ ጥሩ ማጉያ ከሥዕሉ ሥር መሃል ላይ ይቀመጥ፣ ሌላው ይቅር የሚል ነው። የዋጋው ልዩነት ለማንም ግልጽ ነው።

ከማጉያው ይልቅ ክፍሉ ይበልጣል። ሳሎናችን ወለሉ ሸክላ፣ ግድግዳው ሲሚንቶ ነው። መሃሉ ላይ ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ቀጭን ጩኸት ይከተላል። ለዐማርኛ ይህ ማስተጋባት ከብዙ ቋንቋ ይልቅ ይጎዳል ብል አልሳሳትም። ዐማርኛ በማጥበቅና በማላላት ትርጉም ይለውጣል። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። «ይመታል» ላልቶ ሲነገር መቺው፣ ጠብቆ ሲነገር ተመቺው ነው። ይህን የሚለየው የተነባቢው ዕድሜ፣ ማለት ከሰከንድ ዐሥረኛ ያነሰ ቆይታ ነው። ማስተጋባቱ ይህችን ቆይታ ሲሞላት ተመልካቹ ማን ማንን እንደ መታ ሳያውቅ ይቀራል፤ ቀጥሎም «ድምፅ ጨምሩ» ይላል። ቢጨመርም ማስተጋባቱ አብሮ ይጨምራል እንጂ ቃሉ አይጠራም። መድኃኒቱ ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ በኋለኛው ግድግዳ ላይ የቆመ ፍራሽና በመጽሐፍ የተሞላ መደርደሪያ ነው። የሕክምና መጻሕፍት በውፍረታቸው ምክንያት ለዚህ ተግባር እጅግ ተስማሚ ናቸው። ሃያ ሰው ራሱም፣ ጋቢ የደረበ ከሆነ በተለይ፣ ድምፅ ይመጣል።

የጎርናናው ድምፅ ነገር ግን በፍራሽ አይገታም። 50 ኸርዝ የሆነ ድምፅ ርዝመቱ ወደ 7 ሜትር ስለሚጠጋ በግድግዳ አልፎ ጎረቤት አልጋ ሥር ይገባል። ከግድግዳው ማዶ የሚተኛው ቤተ ሰብ ሕፃናት አሉት፤ የቤቱም ውል በስማችን ነው። ይህ መሣሪያ በፍጹም እንዳይገዛ አሳስባለሁ።

ማጉያውም ከፕሮጀክተሩ ጋር በሽቦ ይገናኝ። ድምፅ ከአፍ እንቅስቃሴ ከሰከንድ ስምንተኛ ያህል ሲዘገይ ሰው ማስተዋል ይጀምራል፤ ሲቀድም ግን ከዚያ ሲሶ ገደማ በሆነ ጊዜ ይታወቀዋል፤ በተፈጥሮ መብረቅ ከነጎድጓድ ይቀድማል እንጂ ነጎድጓድ ከመብረቅ ቀድሞ አያውቅምና። በብሉቱዝ የሚሄድ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከዚህ ልክ በላይ ይዘገያል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። በውስጠኛው ጆሮ፣ በቀንድ አውጣ ቅርጽ በተጠቀለለው አካል ውስጥ፣ በያንዳንዱ ጆሮ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ባለ ፀጉር ሴሎች አሉ። ዶሮ እንዲህ ያለውን ሴል ሲያጣ መልሶ ያበቅላል፤ ሰው አያበቅልም። የሚጠፉትም መጀመሪያ ቀጫጭን ድምፆችን የሚሰሙት ስለ ሆኑ፣ ሰውየው ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉን ግን መለየት ያቅተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሳምንት 40 ሰዓት 80 ዴሲቤልን እንደ ወሰን አስቀምጧል። ለሥራ ቦታ ከተደነገጉት ጥብቅ ልኮች አንዱ 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት ሲፈቅድ፣ 3 በተጨመረ ቁጥር ጊዜውን በግማሽ ይቀንሳል። በ94 አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ አንድ ፊልም ደግሞ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ለእኛ 70 ወይም 75 ከበቂ በላይ ነው። መለኪያ የሌለው በዚህ ያውቀዋል፤ በክንድ ርቀት ያለው ሰው እንዲሰማህ መጮኽ ካስፈለገህ አልፏል። ከፊልም በኋላ ጆሮው ጭው የሚልበት አባል ካለ፣ ያ የማዝናናት ምልክት ሳይሆን የጉዳት ማስጠንቀቂያ ነው።

ፊልሙ ጽሑፍ ካለው ጽሑፉ ይውጣ። ያው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (2008) ዋና ገጸ ባሕርዩ ጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ የተመለሰ ሰው ነውና፣ ዐማርኛው ከጀርመንኛ ይፈራረቃል። ከእኛ መካከል ጀርመንኛ የሚያውቅ የለም፤ ስለ መመለስ የሚከራከር ግን ብዙ ነው።

አንድ የማይታለፍ ጉዳይ አለ። ጥቂት ሰዎች በሚብለጨለጭ ብርሃን ምክንያት የሚጥል በሽታ ይነሣባቸዋል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 16 ቀን 1997 በጃፓን አንድ የካርቱን ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ፣ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል በመፈራረቁ 685 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። ሥዕሉ ሰፍቶ ዐይንን በሞላ ቁጥር አደጋው ይጨምራል፤ ስለዚህ ትልቅ ሥዕል የሚያሳይ ሰው ኃላፊነት አለበት። ይህ ችግር ያለበት አባል ለአንድ ለሚያምነው ሰው ብቻ ይንገር፤ ኋላ ይቀመጥ፤ መብለጭለጭ ሲጀምር አንድ ዐይኑን በመዳፉ ግጥም አድርጎ ይሸፍን። ሁለቱን መጨፈን አይበቃም፤ ብርሃን በቆብ ያልፋል። በሽታው ቢነሣበት መብራት ይብራ፣ በጎኑ ይተኛ፣ አፉ ውስጥ ምንም አይግባ፣ ክብሪትም አይጫር። ከ5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ይጠራ።

ስለ ኤሌክትሪኩ

እዚህም አገር ቤትም 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ስለ ሆነ፣ የሚመረቅ አባል ዕቃውን ቢገዛን ይዞት ሊሄድ ይችላል። ፕሮጀክተር የሚወስደው ብዙ ጊዜ ከ300 ዋት አይበልጥም፤ ቡና የምናፈላበት ምድጃ ግን ብዙ እጥፍ ይወስዳል። ሁለቱ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ፈጽሞ አይሰኩ። ቡናው ይቅር የሚል ሐሳብ የለኝም፤ ሌላ ሶኬት አለ። በ2023 እና በ2024 በጋ ካይሮ ላይ መብራት በፈረቃ ይጠፋ በነበረበት ጊዜ የነበሩ አባላት እንደሚያስታውሱት፣ በአምፖል የሚሠራ ፕሮጀክተር ድንገት ሲጠፋ አይወድም፤ ሙቀቱን የሚያበርደው ማራገቢያም አብሮ ይቆማልና። በኤልኢዲ የሚሠራው ይህን ይችለዋል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። የአምፖሉ ዓይነት ሜርኩሪም አለበት፤ ከፈነዳ መስኮት ተከፍቶ ሰው ከክፍሉ ይውጣ። የሚበራውን ሌንስ ደግሞ ማንም ቀርቦ አይመልከት፤ በተለይ ልጆች ያሏቸው እንግዶች ሲመጡ።

ያገለገለ ዕቃ ለመግዛት ዓተባ አጠገብ ዓብደል ዓዚዝ ጎዳና ላይ መውረድ ይበቃል። የሚሄዱት ሁለት ሰዎች ይሁኑ፤ አንዱ ዓረብኛ የሚችል፣ አንዱ የማይቸኩል። ፍላሽ ላይ ጥቃቅን ፊደል የሞላበት አንድ ነጭ ገጽና አንድ ሙሉ ጥቁር ገጽ ይዘው ይሂዱ። ፊደሉ መሃል ላይ ሲጠራ ጥጎቹ ከደበዘዙ ሌንሱ መጥፎ ነው፤ ጥቁሩ ላይ ብሩህ ነጥብ ወይም ነጠብጣብ ከታየ ውስጡ አቧራ ገብቷል ወይም ነጥቦች ሞተዋል። ባለ አምፖል ከሆነ በመዘርዝሩ ውስጥ አምፖሉ የሠራበት ሰዓት ተጽፎ ይገኛል፤ ሻጩ የሚለውን ሳይሆን እሱን ያንብቡ።

ማጫወቻ መግዛት አያስፈልግም፤ ላፕቶፕ ያለው አባል በተራ ያመጣል። ምንጣፉና መጋረጃው ካሉን ይሰበሰባል። የሚገዛው ፕሮጀክተሩ፣ አንድ ማጉያ፣ 5 ሜትር ሽቦና ነጭ ቀለም ብቻ ነው። ይህም ከካዝናው ሳይሆን በፈቃደኞች ልዩ መዋጮ እንዲሸፈን፣ መዋጮው ካልሞላም እስኪሞላ በአቡጀዲና በተዋሰ ዕቃ እንዲጀመር ሐሳብ አቀርባለሁ። እስከ ስብሰባው ድረስ በቤቱ የሚኖሩት አባላት ሁለት ነገር ቢያዘጋጁልን መልካም ነው፤ የሰሜኑን ግድግዳ ወርድና ቁመት በሜትር ለክተው፣ እንዲሁም የየራሳቸውን የፈተና ቀኖች ጽፈው፣ በእነዚያ ሳምንታት ፊልም እንዳይያዝ።